ምርጡ ቅጥር የትኛው ነበር? የኤግሊንተን ዌስት የቡና ክርክር



ዘወትር በዚህ ገጽ ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ለአንድ ቀን ከፖለቲካው ወጣ ብለን ወደ ስፖርቱ ጎራ ልንል ነው። «እነዚህ ሰዎች ደግሞ ምን ነካቸው?» እንዳትሉን አደራ። እስከ መጨረሻው አብሮን የዘለቀ አንባቢ፣ ተውነው ያልነውን ጉዳይ ከኳሱ ሥር ተሸሽጎ ማግኘቱ አይቀርም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ቦታው ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት ነው። ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ እናስረዳ። የአለን አውራ ጎዳና ከሰሜን ሲምዘገዘግ መጥቶ ድንገት የሚቆመው እዚህ ነው። መንገዱ እስከ መሃል ከተማ ሊዘልቅ ታቅዶ ነበር፤ ነዋሪው «ሰፈራችንን አታፈርሱም» ብሎ ተነሣና በ1971 አስቆመው። በ1978 የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፈተለት። ዛሬ የጣቢያው ስም ሲዳርቬል ተብሎ ቢለወጥም እኛ የድሮ ሰዎች በድሮ ስሙ ነው የምንጠራው። ከጣቢያው ወደ ምዕራብ ሲራመዱ የጃማይካውያን ፀጉር ቤቶች፣ የጀርክ ዶሮ ጢስና የሬጌ ዜማ ይቀበሉዎታል፤ «ትንሿ ጃማይካ» የሚባለው ሰፈር ይኸው ነው። በ2011 የተጀመረው የባቡር ግንባታ መንገዱን ለብዙ ዓመታት ቆፋፍሮ ስንቱን ባለ ሱቅ ከሥራ አስወጥቷል። ከዚያ ሁሉ አቧራ ከተረፉት በሮች አንዱ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብባት ቡና ቤት ናት።

ባለፈው ቅዳሜ የተሰበሰብነው ግን ለወሬ አልነበረም። ለልጆቻችን የቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ልንቀጥር ነበር። አዎን፣ የቅርጫት ኳስ! እኛ በካልሲ ኳስ አቧራ ስንራገጥ ያደግን ሰዎች የወለድናቸው ልጆች በእጃቸው የሚጫወቱ ሆነዋል። ጨዋታውን በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝም የዚሁ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ተወላጅ ነውና ልጆቹን «የአገራችሁን ተጫወቱ» ብንላቸው ትክክል ናቸው። የአሰልጣኙ ወንበር ለምን ባዶ እንደሆነ ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የሚያኮራ ታሪክ ስላልሆነ ለመናገር ትንሽ ድፍረት ማሰባሰብ አለብን።

ሁለት ዕጩዎች ቀርበውልናል። አንደኛው ከእኛው መካከል የሆነ፣ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ላይ ስፖርት ያስተማረ ሰው ነው። ሁለተኛው ጃማይካዊ ጎረቤታችን ነው፤ የሰፈሩን ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለብዙ ዓመታት ሲያለማምድ ኖሯል። ገና ቡናው ሳይቀዳ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «የራሳችን ሰው እያለ?» በአንድ ወገን፤ «ሙያ ዘር የለውም» በሌላው ወገን። ይህኔ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አድርገው፣ «ቆይ እስቲ! ከመቅጠራችን በፊት ጥሩ ቅጥር ማለት ምን እንደሆነ እንስማማ። በዓለም ላይ ከታዩት የአሰልጣኝ ቅጥሮች ምርጡ የትኛው ነበር?» አሉ። ክርክሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዱክ እስከ ካርልተን

መጀመሪያ የተናገረው እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እንደ ዳዊት የሚደግም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

«ጋሼ፣ ለእኔ ምርጡ ቅጥር የ1980ው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው» አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ዱክ ማይክ ሽሼፍስኪ የሚባል የ33 ዓመት ሰው ሲቀጥር ሰውየው ከጦር አካዳሚው ቡድን ጋር 9 ጊዜ አሸንፎ 17 ጊዜ ተሸንፎ የመጣ ነበር። ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በዱክ 38 ጊዜ ሲያሸንፍ 47 ጊዜ ተሸነፈ። ደጋፊው «ይባረር!» ብሎ ጮኸ። የቀጠረው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ግን ከማባረር ይልቅ ውሉን አራዘመለት። ያ ሰው በ1991፣ በ1992፣ በ2001፣ በ2010 እና በ2015 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኖ በ2022 በክብር ጡረታ ወጣ።

ሌላው ደግሞ ጆን ዉደንን አነሣ። ዩሲኤልኤ የቀጠረው በ1948 ነው። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሣው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1964! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠብቀውታል። ከዚያ በኋላ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ ወሰደ።

«ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ?» አለ ከኦታዋ በቅርቡ የመጣ ወዳጃችን። የካርልተን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዴቭ ስማርትን ዋና አሰልጣኝ ሲያደርግ ከከተማው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የመጀመሪያውን የካናዳ ሻምፒዮና ያገኘው በ2003 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ እስከ 2019 ድረስ ከአሥር ጊዜ በላይ ዋንጫ አነሣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልን። ተከራካሪዎቹ የጠሯቸው ሦስቱም ሰዎች በተቀጠሩበት ዓመት ቢጠየቅ ኖሮ አንዳቸውም «ምርጥ ቅጥር» አይባሉም ነበር። የቅጥር ጥሩነት በፊርማው ቀን አይታወቅም። እንዲያውም ጨዋታውን የፈጠረው ኔይስሚዝ ራሱ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲያሰለጥን ካሸነፈው የተሸነፈው በልጧል። ፈጣሪው የተሸነፈበት ጨዋታ ነው እንግዲህ!

ፈረንጅ ወይስ ሐበሻ?

ጋሼ እስኪጨርሱላቸው በትዕግሥት ጠበቁና፣ «የእናንተን ሰማን፤ አሁን የእኛን ስሙ» አሉ።

የእሳቸው ምርጥ ቅጥር ኦኒ ኒስካነን ነው። ስዊድናዊው ኒስካነን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1946 ነው። ለማራቶን የመጣ አልነበረም፤ የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ሊያስተምር ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ያስደመመው በ1960 ነው። አሥራ አራት ዓመት! በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብርም ኒስካነን አብሮት ነበር።

«እንግዲያው ፈረንጅ ይሻላል ማለትዎ ነው?» አለ አንዱ፣ የጃማይካዊው ደጋፊ ፈገግ እያለ።

«አላልኩም!» አሉ ጋሼ። «እግር ኳሱን ተመልከት።»

እግር ኳሱን ተመለከትን። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው አንድ ጊዜ፣ በ1962 አዲስ አበባ ላይ፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመት ከውድድሩ ርቀን ስንኖር ወደ ዋንጫው የመለሰን ሰውነት ቢሻው ነው። ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 ስናሸንፍ በዚህች ቡና ቤት የነበረው ለቅሶና ሳቅ ምን ጊዜም አይረሳንም። ከዚያ ወዲህም በካሜሩን ለተካሄደው ውድድር ያበቃን ውበቱ አባተ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2022 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ቡድንም የእሱ ነበር። አገር ቤት ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም ጠፍቶ «የሜዳችን ጨዋታ» ማላዊ ላይ መደረጉን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም።

በመካከሉ የመጡት ፈረንጆችስ? ኢፊ ኦኑራ በሐምሌ 2010 ተቀጥሮ በሚያዝያ 2011 ተሰናበተ። ቤልጅየማዊው ቶም ሴንትፌት በዚያው በ2011 መጥቶ በዚያው ዓመት ሄደ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በ2014 መጥቶ በ2015 ተሰናበተ።

የራስ ሰው ወዳዱ ወገን በዚህ ጊዜ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። ግን ጋሼ በአንድ ጥያቄ አቀዘቀዙት። «ከባሬቶ በኋላስ?» ዮሐንስ ሳህሌ በ2015 ተሾመ፤ በ2016 ተነሣ። ገብረመድህን ኃይሌ ተተካ። ከዚያ አሸናፊ በቀለ መጣ። በ2018 አብርሃም መብራቱ ተቀጠረ፤ በ2020 እሱም ተሸኘ። ሁሉም ሐበሾች ናቸው። ታዲያ የፈረንጁ ዕድሜ አንድ ዓመት፣ የሐበሻውም ዕድሜ አንድና ሁለት ዓመት ከሆነ ችግሩ የፓስፖርት ነው እንዴ? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው።

ሰውነት ቢሻው ራሱ ምን ሆነ? አገሪቱን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። በ2013 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ጥሎ ማለፍ ደረሰ፤ እዚያም በናይጄሪያ ተሸነፈ። በየካቲት 2014፣ የአገር ውስጥ ተጫዋቾች በሚወዳደሩበት የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ ተሰናበተ። ዱክ ሦስት መጥፎ ዓመት ታገሠ፤ የእኛ ፌዴሬሽን ከሁለት ወርቃማ ዓመት በኋላ ሦስት ጨዋታ አልታገሠም።

ማባረርም ያዋጣል?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ትዕግሥትን የሚያሞግስ ስለነበር፣ ተቃራኒውን ለመናገር አንድ የታክሲ ሹፌር ወዳጃችን ተነሣ። ሰውየው በሥራው ምክንያት ቀኑን ሙሉ የስፖርት ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚውል ነው።

«ራፕተርስን ረሳችሁት?» አለ። ድዌይን ኬሲ በ2011 ቶሮንቶን ተረከበ፤ ቡድኑን ከምንም አንሥቶ ከአናት አደረሰው። በ2018 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፤ በዚያው የጸደይ ወራትም ተባረረ! ኒክ ነርስ ተተካ። በሰኔ 13 ቀን 2019 ራፕተርስ የኤንቢኤ ዋንጫ አነሣ። «ማሳይ ኡጂሪ እንደ እናንተ ቢታገሥ ኖሮ ዋንጫው የት ይገኝ ነበር?» ብሎ ተቀመጠ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነት ነዋ! ትዕግሥት ሁልጊዜ ዋንጫ አይወልድም፤ ታግሠው ታግሠው ባዶ እጃቸውን የቀሩም ሞልተዋል።

የመለሰለት ያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንደኛ፣ ኬሲ የተባረረው ሰባት ዓመት ከሠራ በኋላ ነው እንጂ በሰባት ወሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ ነርስ ከ2013 ጀምሮ በዚያው ቡድን ረዳት ነበር፤ ተጫዋቾቹን ያውቃል፣ እነሱም ያውቁታል። ሦስተኛ፣ በዚያው ዓመት ካዋይ ሌናርድን የሚያህል ተጫዋች መጥቷል። «ኡጂሪ የቀጠረው የሚያውቀውን ሰው ነው» አለ ልጁ። «እኛ ግን የምናባርረውንም የምንቀጥረውንም አናውቀውም።»

ለእኛ የዕለቱ ቁም ነገር ይህች ነበረች። ጥያቄው መታገሥ ወይስ ማባረር የሚለው ብቻ አይደለም። ቀጣሪው የቀጠረውን ሰው ያውቀዋል ወይ? ሥራውን አይቶታል ወይ? ከመሸነፉ ሌላ የሚመዝንበት ሚዛን አለው ወይ?

ስለ ቀጣሪው ማን ይጠይቃል?

አሰልጣኝ ሲሸነፍ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። ቢሮ ሲሸነፍ ግን ማን ይሰማል? በ2013 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት ቦትስዋና ላይ ተሰለፈና ፊፋ ሦስት ነጥብ ነጠቀን። ካርድ መቁጠርና መዝገብ መያዝ የቢሮ ሥራ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 በፌዴሬሽኑ የሥልጣን ውዝግብ ምክንያት ፊፋ አገራችንን አግዶ ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አስወጥቶናል። በዚያ ጊዜ ሽሼፍስኪም ዉደንም ቢቀጠሩ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

በሌላ በኩል ደግሞ በአርሲ በቆጂ የሆነውን እንይ። ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ለኦሊምፒክ ብሎ የቀጠረው አካል የለም። ከእጁ የወጡት ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ተቀብለዋቸዋል። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ገዛኸኝ አበራና ሚሊዮን ወልዴ አራት ወርቅ ሲያመጡ ከጀርባቸው የነበሩት እኒሁ አሰልጣኝ ናቸው፤ በ2016 እስካረፉ ድረስም ስማቸው ከድሉ ጋር ሲነሣ ኖሯል። እዚያ አንዱ የዘራውን ሌላው አልነቀለውም፤ ኮተኮተው እንጂ።

ይህን ስንል አንድ ሌላ ስም በቤቱ ውስጥ ተነሣ። ምሩጽ ይፍጠር። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ ለ5 ሺህ ሜትር ውድድሩ ሳይደርስ ቀረ፤ በማን ጥፋት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1976 እዚሁ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ሊሮጥ ሲል በአፓርታይድ ጉዳይ አፍሪካውያን ውድድሩን ረግጠው ወጡ። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ደግሞ በእኛው ቶሮንቶ ነው፤ ያረፈውም እዚሁ በታኅሣሥ 2016 ነው። ስንቶቻችን ነን «ጋሼ ምሩጽ፣ እባክዎ ልጆቻችንን ሩጫ ያስተምሩልን» ብለን በራቸውን ያንኳኳን? በቀብር ጊዜ ግን ብዙ አለቀስን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይኸው ነው።

የእኛው ፌዴሬሽን

አሁን ድፍረቱን አግኝተናልና ስለ ባዶው ወንበር እንናገር።

ባለፈው የበረዶ ወራት ቡድናችን አሰልጣኝ ነበረው። የእኛው ማኅበረሰብ ልጅ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሃያዎቹን የጀመረ፣ ቅዳሜውን መሥዋዕት አድርጎ ለኪስ ገንዘብ በማትበቃ ክፍያ የሚሠራ። በተከታታይ አምስት ጊዜ ተሸነፈ። ወላጆች ተጠራራን። በዚህችው ቡና ቤት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ልጁ አልተጠራም። እጅ አወጣን። እኛም ይህን የምንጽፈው እጅ ካወጡት መካከል ነበርን። ውሳኔውን የነገርነው በስልክ መልእክት ነው።

ማታ ቤታችን ገብተን ስለ አገር ቤት ፌዴሬሽን ሲወራ «እነዚህ ሰዎች እኮ አሰልጣኝ አያከብሩም!» ብለን ተናደናል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ይህን ያነሡት በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አንዲት እናት ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ቃል ሳይተነፍሱ አዳመጡን። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

«ወንድሞቼ» አሉ፣ «ዱክ የምትሉትን ቦታ አላውቀውም። ልጄን ግን አውቀዋለሁ። ያ ልጅ ሲያሰለጥነው በነበረ ጊዜ ቤት ገብቶ ስንት ለስንት እንደተሸነፉ ነግሮኝ አያውቅም። 'ኮች ስለ ሒሳብ ፈተናዬ ጠየቀኝ' ነበር የሚለኝ። ከተባረረ ወዲህ ቅዳሜን ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። እናንተ ውጤት ቆጠራችሁ። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ልጄን የሚጠይቅልኝ ሰው ነበር የፈለግሁት። አግኝቼው ነበር። ሳትጠይቁኝ ወሰዳችሁብኝ።»

ከዚህ በኋላ ስለ ዉደንም ስለ ባሬቶም የተናገረ ሰው አልነበረም። የስፖርት መምህሩ ዕጩ ራሱ ተነሥቶ፣ «እኔ ስሜን አንሥቻለሁ» አለ። ጃማይካዊው ጎረቤታችንም ጉዳዩን ሲሰማ፣ ያንን ወጣት ያውቀዋልና «እሱ ከተመለሰ ረዳቱ እሆናለሁ» አለን። የራሳችን ሰው ነው ወይስ የውጭ ሰው የሚለው የሁለት ሰዓት ክርክር በሁለት ደቂቃ ተፈታ።

በመጨረሻም ሦስት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ሽማግሌ ተልኮ ልጁ ይቅርታ እንዲጠየቅ፤ በስልክ መልእክት ሳይሆን ቤቱ ተሄዶ። ሁለተኛ፣ ከተስማማ የሁለት ዓመት ስምምነት በጽሑፍ እንዲሰጠው፣ በመካከሉም ማንም ወላጅ ስለ ውጤት ስብሰባ እንዳይጠራ። ሦስተኛ፣ ቀጣሪው ኮሚቴ ራሱ በየዓመቱ በወላጆች እንዲመዘን፤ የምዝገባ ወረቀቱን በጊዜ አስገብቷል ወይ፣ አዳራሹን ተከራይቷል ወይ፣ ልጆቹን አነጋግሯል ወይ ተብሎ። ለሌላው የምንመኘውን ተጠያቂነት በሃያ ልጆች ቡድን ላይ ካልጀመርነው የት ልንጀምረው ነው?

እሑድ ዕለት ጋሼና ሁለት ሰዎች ወደ ልጁ ቤት ሄዱ። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሏቸው። ልጁ አቀርቅሮ ሰማቸው። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ቂም የለኝም» አለ። «ግን የኮሌጅ ፈተና ላይ ነኝ። ፈተናዬን እስክጨርስ ትጠብቁኛላችሁ?»

አምስት ሽንፈት መታገሥ ያቃተን ሰዎች፣ ይኸው እየጠበቅን ነው።

ቸር ይግጠመን።